«ለለብዴ» ማለት

ያጠብኩትን ልብስ ሳሰጣ ሁለት ፖሊሶች መጡ። አንደኛውን አውቀዋለሁ፤ ነቀምቴ ገበያ ላይ ሲዘዋወር ዘወትር የምናየው ሰው ነው። ስለሚያውቀኝ ይመስለኛል፣ እኔን ሳይሆን ገመዱ ላይ የተሰጣውን ሸሚዝ ነበር የሚያየው። የባለቤቴ ሸሚዝ ነው።

«ባለቤትሽ የታለ?» አለኝ ሌላው።

«የለም። ዘመድ ጥየቃ ወደ አኖ ሄዷል።»

«መቼ ይመለሳል?»

«አላውቅም» አልኩ። አውቅ ነበር። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ከአዲስ አበባ በአኖ በኩል በሚመጣው አውቶቡስ እንደሚመለስ ነግሮኝ ነው የሄደው።

«እንግዲያው እሱ እስኪመጣ አንቺ ትቆዪልናለሽ።»

እጄን በቀሚሴ ጠርጌ ነጠላዬን አነሣሁ። ቅርጫቱ ውስጥ ገና ያልተሰጣ ልብስ ነበር። ጎረቤቴ በአጥሩ በኩል ታየኝ ነበርና በዓይኔ ወደ ቅርጫቱ አመለከትኳት።

ሴቶች የሚታሰሩበት ክፍል ከጣቢያው ጀርባ ነው። ቀድሞ የእህል መጋዘን እንደነበረ ያስታውቃል፤ ጥግ ጥጉን የደረቀ የበቆሎ ፍሬ ይገኝ ነበር። መስኮቱ ከሰው ቁመት በላይ ስለሆነ የሚታየው የባሕር ዛፍ ጫፍ ብቻ ነው። የማይታየው ግን ሁሉ ይሰማል። የአላፊ አግዳሚው ወሬ፣ የበቅሎ ኮቴ፣ ከሁሉም በላይ የአውቶቡስ ጥሩንባ። በዚያን ጊዜ አውቶቡስ ከተማ ሲገባ ጥሩንባውን እየነፋ ነበር የሚገባው፤ ሰው ዘመዱን ለመቀበል እንዲወጣ።

ክፍሉ ውስጥ አንዲት ሴት ቀድማኝ ነበረች። አረቄ ሻጭ ናት፤ ወላጆቿ ከሸዋ የመጡ፣ ድምፀ ጎርናና። ሰሌኗ ላይ ተጋድማ ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ።

«አንቺ ደግሞ ምን አድርገሽ ነው?»

«ምንም።»

«እኔስ ምን አደረግሁ? የማዘጋጃ ቤቱ ዘበኛ በራሱ እግር መጥቶ በአናቱ ማንቆርቆሪያዬ ላይ ወደቀ።» ቀጥላም፣ «ሚሽን ነሽ አይደል? አቀማመጥሽ ያስታውቃል። እናንተ እኮ ናችሁ አገሩን አረቄ አስትታችሁ ገበያዬን የገደላችሁት» አለችኝ።

ሰሌኑን በእጇ መታ መታ አደረገችው።

«ነይ ነይ፣ መሬቱ ይቀዘቅዛል። ሰሌን ሃይማኖት የለውም።»

ለምን እንደያዙኝ አልነገሩኝም። የሚፈልጉት ባለቤቴን መሆኑ ግን ግልጽ ነበር። የፈራሁትን ለመረዳት እሱ በዚያ ሰሞን ምን ላይ እንደነበረ ማወቅ ያስፈልጋል።

ባለቤቴ በነገረ መለኮት የመጀመሪያ ዲግሪውን ጨርሶ፣ ለሁለተኛ ዲግሪ ጀርመን አገር እንዲማር ቦታ ተገኝቶለት ነበር። ቦታው የተገኘው ለእሱ ሳይሆን ለቤተ ክርስቲያናችን ነው። በወለጋ ከተሞችና ገጠሮች ምእመኑ በዝቶ፣ ሰባኪ የሚያሠለጥን ሰው አልነበረንም። የሚያሠለጥኑን እንግዶች ነበሩ፤ እነሱም ወደ አገራቸው እየተመለሱ ነበር። እሱ ተምሮ ይመጣና እዚሁ ነቀምቴ ሰባኪዎችን ያስተምራል ተብሎ ነው የታሰበው። እሱ ካልሄደ ቦታው ለሌላ አገር ቤተ ክርስቲያን እንደሚተላለፍ ተነግሮናል። ለመውጣት ደግሞ የመንግሥት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ በፖሊስ የተከሰሰ ሰው ፈቃዱን አያገኝም።

ከቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ግን በዚህ ትምህርት ያላመኑበት ነበሩ። ዋናው ሽማግሌያችን በከተማው የተከበሩ፣ ቤትና ቡና ያላቸው፣ ንግግራቸው የተመጠነ ሰው ነበሩ። ባለቤቴን በሽማግሌዎች ፊት ሲጠይቁት በሩ ክፍት ስለነበረ እኔም ሰምቻለሁ።

«መጽሐፉ አንድ ነው» አሉት። «ዲግሪው ሁለት የሚሆነው ለምንድን ነው?»

«ለመስበክ አንዱ ይበቃል፣ ኦቦ» አላቸው። «ሰባኪ ለማስተማር ግን አይበቃም።»

ባርኔጣቸውን በእጃቸው እያዞሩ ቆይተው፣ «እስቲ ሕዝቡ ይየው» አሉ። በእኛ ዘንድ ለከፍተኛ ትምህርት የሚላክ ሰው ከመሄዱ በፊት አጥቢያዎቹን ዞሮ ይሰብካል። ሕዝቡ ማንን እንደሚልክ ይወቅ፤ ሂያጁም ለማን እንደሚማር አይርሳ ነው ነገሩ።

ስለዚህ ሲዞር ሰነበተ። ማታ ማታ ቤት ውስጥ እየተመላለሰ ስብከቱን ጮክ ብሎ ይለማመዳል፤ ቀን የግሪክኛ ቃላት እያጠና እንጨት ይፈልጣል። እኔ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቴን ጨርሼ ሕፃናት አስተምር ነበር። ደብተር ሳርም እሰማዋለሁ። ስብከቶቹን ሳላስበው በቃሌ ያዝኳቸው።

ወደ ጉቴ አጥቢያ በሄድን ቀን ድምፁ ተዘጋ። ከዚያ በፊት ባሉት አጥቢያዎች ሲናገር ጉሮሮው ቆስሎ ነበር። የጸሎቱ ቤት ስለጠበበ ሕዝቡ ግቢው ውስጥ ሣር ላይ ተቀምጧል። ተነሥቶ አንድ ሁለት ቃል ተናገረ፤ ከዚያ በኋላ ከአፉ የሚወጣው አየር ብቻ ነበር። የአጥቢያው ሽማግሌዎች ተያዩ። ብዙዎቹ ሴቶች ሕፃን አዝለው ከሩቅ የመጡ ነበሩ። ወደ እኔ ዞሮ ወረቀቱን ሰጠኝ።

ወረቀቱ ምንም አልጠቀመኝም። ግማሹ እንግሊዝኛ ነው፣ ግማሹ የግሪክ ፊደል። አጥፌ ያዝኩትና ቤት ውስጥ ሲለማመድ የሰማሁትን፣ የቀረውንም ራሴ የማውቀውን፣ በኦሮምኛ ተናገርኩ። በቤተ ክርስቲያናችን ሴት ሕፃናትን ታስተምራለች፣ ትዘምራለች፤ ለስብከት ግን አትቆምም። ወደ ነቀምቴ ስንመለስ ነገሩን ላለማንሣት ተስማማን። ዋናው ሽማግሌ ቢሰሙ፣ «ገና ሳይሄድ ሥርዓት ያፈርሳል» ብለው ጉዞውን ሊያስቀሩት ይችላሉ ብለን ሰግተን ነው።

ክፍሉ ውስጥ ተቀምጬ ያሰላሰልኩት ይህን ነበር። ለራሴ አልፈራሁም ብል ውሸት ይሆናል። ግን አውቶቡሱን የፈራሁትን ያህል ምንም አልፈራሁም። ሰው ዘመዱ እንዲመጣለት ይጸልያል፤ እኔ የአውቶቡሱ ጎማ መንገድ ላይ፣ ሲሬ ሲደርስ፣ እንዲፈነዳ እጸልይ ነበር። ከመኪና ሲወርድ እንደሚይዙት፣ ወይም መታሰሬን ሰምቶ በራሱ እግር ጣቢያ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ሁለተኛው የባሰ ነበር፤ ምክንያቱም በእርግጥ የሚያደርገው እሱን ነው።

በማግስቱ ጠዋት ጠሩኝ።

«ቀና ብለሽ ሂጂ» አለችኝ አረቄ ሻጯ፣ ነጠላዬን ከኋላ እያስተካከለችልኝ። «ጎንበስ ካልሽ ጥፋተኛ ትመስያለሽ። እኔ ጥፋተኛ ሆኜ እንኳ ቀና ብዬ ነው የምሄደው።»

ቢሮው ውስጥ ሦስት ሰዎች ነበሩ። መቶ አለቃው ጎጃሜ ነው፤ ሸንቃጣ፣ አዲስ ተዛውሮ የመጣ። አጠገቡ ጸሐፊው ተቀምጧል። ነቀምቴ ያደገ ሰው ስለሆነ የማስተርጎሙን ሥራ የያዘው እሱ ነበር። ኦሮምኛው ግን የገበያ ነው፤ ቅቤና ዶሮ የሚገዛበት። በግድግዳው በኩል አግዳሚ ወንበር ላይ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ተቀምጠዋል። አወቅኋቸው። ጉቴ ሣሩ ላይ፣ ከፊት፣ ዱላቸውን አቅፈው ሲሰሙ የነበሩ ሰው ናቸው።

ስገባ ሽማግሌው ብድግ አሉ።

«አካም ቡልቴ፣ ኢንተለ ኮ» አሉኝ። እንደምን አደርሽ ልጄ ማለታቸው ነው። በሁለት እጃቸው ጨበጡኝ።

«ምን ያስነሣዎታል? ይቀመጡ» አላቸው ጸሐፊው። በዚያ ዕድሜያቸው ለአንዲት ልጅ እግር ሴት መነሣታቸው ገርሞት ነበር። እኔ ግን ለምን እንደተነሡ ገባኝ። ሰባኪ ሲገባ ነው እንደዚያ የሚነሡት።

መቶ አለቃው እንድቀመጥ አልጋበዘኝም።

«ባልሽ ጉቴ ላይ ሕዝብ ሰብስቦ በኦሮምኛ አዋጅ አውጇል» አለኝ። ቋንቋውን የጠራው በዚያን ጊዜ ይጠራበት በነበረው ስም ነው፤ እኔ እዚህ በራሱ ስም ጽፌዋለሁ። «አዋጅ የሚያውጀው ማን ነው?»

«ንጉሠ ነገሥቱ ናቸው።»

«ታዲያ ባልሽ ማን ነው?»

«የነገረ መለኮት ተማሪ ነው።»

«ተማሪ አዋጅ ያውጃል?»

«አዋጅ አላወጀም።»

«የሰሙት ሰው እዚህ ተቀምጠዋል፤ ገበያ ላይ ሲያወሩት ነው ጸሐፊዬ የደረሰበት።» ወደ ጸሐፊው ዞረ። «ያሉትን ንገራት።»

ጸሐፊው ጉሮሮውን ጠረገ። «ቤቱ ጠበበንና ግቢው ውስጥ ተሰበሰብን። ከዚያ በመካከላችን ቆሞ አዋጅ አወጀልን፣ ነው ያሉት ጌታዬ።»

ሽማግሌውን አየኋቸው። አማርኛ አይሰሙም። አንድ ነገር በሰላም ተነግሮ እንዳለቀ ሁሉ ዱላቸው ላይ ተደግፈው ተቀምጠዋል። አፋቸው ውስጥ የነበረው ቃል ከጸሐፊው አፍ ምን ሆኖ እንደወጣ አያውቁም።

«እሳቸው በኦሮምኛ ያሉትን ቃል ይንገሩኝ» አልኩት ጸሐፊውን።

«ምን ያደርግልሻል?»

«እባክዎ።»

መቶ አለቃው በአገጩ ፈቀደለት።

«ኑፍ ለለብዴ» አለ ጸሐፊው።

ሽማግሌው የሚያውቁትን ቃል ሲሰሙ ቀና አሉ። «ኤዬ» አሉ ራሳቸውን እየነቀነቁ። «ኑፍ ለለብዴ።»

እዚህ ላይ ማስረዳት አለብኝ። «ኑፍ» ለእኛ ማለት ነው፤ «ለለባ» ደግሞ በእኛ ቤተ ክርስቲያን ስብከት ማለት ነው። ከዚያ በፊት ግን፣ አባቶቻችን ሕጋቸውን በጉባኤ ፊት ሲያሰሙ የሚጠቀሙበት ቃል ነበር። ጸሐፊው ይህን ከአንድ ቦታ ሰምቷል፤ ሌላውን ትርጉም ግን አልሰማም። ይህ አንዱ ነው። ሁለተኛው ደግሞ የቃሉ መጨረሻ ነው። «ለለቤ» ሰበከ፣ «ለለብዴ» ሰበከች። ሽማግሌው እውነቱን ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ተናግረዋል፤ የተናገረችው ሴት ናት ብለዋል። ጸሐፊው ሴት በሕዝብ ፊት ትቆማለች ብሎ ስላላሰበ የቃሉን ጫፍ ዋጣት። ሴቲቱ ወንድ ሆነች፣ ስብከቱም አዋጅ ሆነ። ባለቤቴ ሊታሰር የነበረው በዚያች በተዋጠች ጫፍ ነው።

ዝም ብል እሱን ይይዙታል። ብናገር እኔን ይይዛሉ፤ ነገሩም ሽማግሌዎቻችን ጆሮ ይደርሳል፤ ያኔም ጉዞው ይቀራል። አንድ ነገር ትዝ ይለኛል፤ ከውጭ የመኪና ድምፅ ሲመጣ ሦስቱም ምንም ሳይመስላቸው እኔ ብቻ ወደ መስኮቱ ዞርኩ። የጭነት መኪና ነበር።

ነጠላዬን አስተካከልኩ። ጉቴ ላይ ከመናገሬ በፊት እንደዚያው አስተካክዬ ነበር።

«ለለብዴ ማለት አወጀ ማለት አይደለም» አልኩ። «ሰበከች ማለት ነው።»

«ሰበከ» አለ ጸሐፊው።

«ሰበከች።»

መቶ አለቃው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ማን ናት የሰበከችው?»

«እኔ ነኝ።»

ጸሐፊው ሽማግሌውን በኦሮምኛ ጠየቃቸው። ወንድ ነው ሴት የተናገሩት? ሽማግሌው ግራ ተጋቡ።

«ትናንትናም ነግሬሃለሁ፣ ዛሬም ነግሬሃለሁ» አሉት። «ለለብዴ። አሁን ደግሞ ፊትህ ቆማለች። ሌላ ምን ልበልህ?»

ጸሐፊው ይህን ሲያስተረጉም ድምፁ ቀንሶ ነበር። መቶ አለቃው ሣቀ። ከልቡ ነው የሣቀው።

«በእናንተ ቤት ሴት ትሰብካለች?»

«አትሰብክም።»

«ታዲያ?»

«ድምፁ ተዘግቶ ነበር።»

እንደገና ሣቀ። ሴት ቆማ የተናገረችው ነገር እንደማያሰጋው ከፊቱ ይነበብ ነበር። ያ ሣቅ ጠቀመን። ቢሆንም እስከ ዛሬ ድረስ አልወደድኩትም።

ሣቁን ሲጨርስ ፊቱ ኮስተር አለ። «እሺ። ምን ብለሽ ሰበክሽ? ያልሽውን በይልኝ።»

ይህን አልጠበቅሁም ነበር። በምድር ላይ ካለው ስብከት ሁሉ ያን ቀን የተናገርኩት ስለ ክፉው ዳኛና ስለ መበለቲቱ ነበር። ፍርድ ተነፍጓት ዕለት ዕለት እየተመላለሰች ዳኛውን ስላሰለቸችው ሴት።

«የተናገርኩት በኦሮምኛ ነው» አልኩ። «በዚያው ልናገር፤ ጸሐፊው ያስተርጉሙ።»

ጀመርኩ። በአንዲት ከተማ እግዚአብሔርን የማይፈራ፣ ሰውንም የማያፍር ዳኛ ነበር አልኩ። ጸሐፊው አንዴ መቶ አለቃውን፣ አንዴ እኔን አየ።

«በአንድ ከተማ፣ አንድ… ሰው ነበረ፣ ትላለች ጌታዬ።»

መተው እችል ነበር። እንዲያውም መተው ነበረብኝ።

«ሰው አላልኩም» አልኩት። «ዳኛ ነው ያልኩት።»

ጸሐፊው አንገቱን ወረቀቱ ላይ ደፋ። ሽማግሌው ገበሬ ብቻ፣ ጉቴ ላይ እንደሰሙኝ ሁሉ፣ እንድቀጥል ይጠብቃሉ።

መቶ አለቃው እየተመለከተኝ ቆየ። ከዚያም እሱ ራሱ፣ በዝግታ፣ የቀረውን በአማርኛ ተናገረው። መበለቲቱ መጣች፣ ዳኛው እምቢ አለ፣ መልሳ መጣች፣ ሲሰለቸው ፈረደላት። አንድም ነገር አልዘለለም። አባቱ ቄስ እንደነበሩ በኋላ ነው የሰማሁት።

«የሉቃስ ነው» አለ።

«አዎ።»

«ይህን ነው አዋጅ ያልከኝ?» አለው ጸሐፊውን። ጸሐፊው አቀረቀረ።

አለቀ ብዬ ነበር። መቶ አለቃው ግን ጠንቃቃ ሰው ነበር። «ሕዝብ መሰብሰቡ አልቀረም» አለ። «የቤተ ክርስቲያንሽ ኃላፊ ይምጡና ዋስ ይሁኑሽ። ሰባኪያችን ናት ካሉ የሃይማኖት ነገር ነው፤ ትሄጃለሽ። አይደለችም ካሉ ግን አዋጅ ነው የሚሆነው። የባልሽም ነገር በዚያው ይታያል።»

ወደ ክፍሉ መለሱኝ። አረቄ ሻጯ፣ «ምን አሉሽ?» ብትለኝ ነገርኳት።

«አንድ ቃል ነው የሚጠየቁት?» አለች።

«አንድ ቃል። እሳቸው ግን ሴት ለስብከት መቆም የለባትም የሚሉ ሰው ናቸው። ውሸትም አይናገሩም።»

«ምነው የኔ ደንበኛ በነበሩ» አለች። ቆየት ብላ ግን እሷም ከሰሌኗ ተነሥታ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። አብራኝ ታዳምጥ ጀመር። ፀሐይዋ ከባሕር ዛፉ ጫፍ ዞራ ነበር። ጥሩንባው በማንኛውም ጊዜ ሊነፋ ይችላል።

ዋናው ሽማግሌ መጥተው እኔም ወደ ቢሮው ስጠራ፣ ጥቁር ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ነበር። ወደ እኔ አላዩም። መቶ አለቃው ሁሉንም ነገራቸው፤ ጉቴን፣ የተዘጋውን ድምፅ፣ የሰበከችውን ሴት። እሳቸው ባርኔጣቸውን እያዞሩ ሰሙ። እኔ የጫማቸውን ጫፍ ነበር የማየው።

«እንግዲህ» አለ መቶ አለቃው። «ይህች ሴት ሰባኪያችሁ ናት ወይስ አይደለችም?»

ባለቤቴን በጠየቁት ቀንም ባርኔጣቸውን እንዲሁ ነበር ያዞሩት፤ ይኸኛው ግን ረዘመብኝ። ባርኔጣቸው መዞሩን አቆመ።

«ሰብካለች ወይ?» አሉ።

«ሰብካለች።»

«ሕዝቡ ሰምቷታል?»

መቶ አለቃው ሽማግሌውን ገበሬ በእጁ አመለከተ። ጸሐፊው ጥያቄውን በኦሮምኛ ነገራቸው። «ሰምተናል» አሉ ገበሬው።

«እንግዲያው ሰባኪያችን ናት» አሉ ዋናው ሽማግሌ። «ዋስ ነኝ።»

ፈረሙ። ወደ ግቢው ስንወጣ ከኋላቸው ተከተልኩ። በሩ ጋ ሲደርሱ ቆሙ፤ ፊታቸውን ግን ወደ እኔ አላዞሩም።

«ኢንተለ ኮ» አሉኝ። «እዚያ ውስጥ የሰማሁትን የሰማሁት በዋስነት ነው። በሽማግሌነት ምንም አልሰማሁም።»

«እሺ ኦቦ።»

ጥቂት ሄደው ደግሞ ቆሙ። «ያ ሰው ለጉሮሮው ማር ይውሰድ። የጀርመን ብርድ ይብስበታል።»

ይህን ብለው ባርኔጣቸውን አደረጉና ሄዱ። ጉዞው እንዳልቀረ ያወቅሁት በዚህ ነው።

አውቶቡሱ ጥሩንባውን ሲነፋ መንገድ ላይ ነበርኩ። ባለቤቴ አንገቱን በሻርፕ ጠቅልሎ ወረደ። መንገድ ላይ ከተሳፈሩ ሰዎች መታሰሬን ሰምቶ ኖሮ ቀጥታ ወደ ጣቢያው ነበር ያመራው፤ እኔን ሲያይ እጁ ላይ የነበረውን ሻንጣ አስቀመጠ። የሆነውን ሁሉ እየሄድን ነገርኩት። ድምፁ ገና አልተከፈተም ነበርና በሹክሹክታ ነው የሚመልስልኝ። «አዋጅ አወጀ» የሚለው ጋ ስደርስ መንገድ መሀል ቆመ።

«ጸሐፊው እኮ አልተሳሳተም» አለኝ።

«እንዴት አልተሳሳተም? አንድ ቀን አሳድሮኛል።»

«በግሪክኛው ሰበከ የሚለው ቃል አዋጅ ነጋሪ የሚናገረውን መናገር ማለት ነው። ኬሩሶ ይሉታል። ንጉሥ የላከው ሰው አደባባይ ቆሞ ሲያሰማ። ለለባም ያው ነው።» ትንሽ አሰበ። «የተሳሳተው ጫፉ ላይ ብቻ ነው።»

ጀርመን ሄዶ የሁለተኛ ዲግሪ ጽሑፉን የሠራው በዚያ ቃል ላይ ነው። ተመልሶ ነቀምቴ ሰባኪዎችን አስተማረ። በየዓመቱ ይህን ቃል ሲያስተምር የጸሐፊውን ታሪክ ይነግራቸው ነበር፤ የታሰረችው ሚስቱ መሆኗን ግን አይናገርም። እኔ ነኝ እንዳይናገር የለመንኩት። ዋናው ሽማግሌም እስኪሞቱ ድረስ አንሥተውት አያውቁም። በሠርግም በለቅሶም ስንገናኝ ባርኔጣቸውን ያወልቁልኝ ነበር፤ ሌላ ሴት ፊት ሲያወልቁ አላየሁም።

ከዚያን ጊዜ ወዲህ ጉቴም ሆነ ሌላ ቦታ ቆሜ አልሰበክሁም። አልጠየቁኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ሕፃናት ማስተማሬን ቀጠልኩ።

ባለቤቴ ካረፈ ቆይቷል። አሁን የልጄ ልጅ በነገረ መለኮት የሁለተኛ ዲግሪዋን እየጨረሰች ነው። ለአገልግሎት የሚዘጋጅ ሰው አጥቢያዎቹን ዞሮ የመስበኩ ልማድ አልቀረም። ተራዋ ጉቴ ደርሶ ነበርና አብሬያት ሄድኩ። ቤቱ አሁን ሰፊ ነው፤ ግቢው ውስጥ የሚቀመጥ የለም። ከኋላ ተቀመጥኩ። ረጅም ስብከት ነበር፤ እንደ አያቷ የግሪክኛ ቃል ታበዛለች። እጄን ነጠላዬ ውስጥ አድርጌ እስክትጨርስ ድረስ ጨብጬ ነበር፤ ድምፅዋ እንዳይዘጋ።

ስትጨርስ መርሐ ግብር መሪው ተነሥቶ በኦሮምኛ አመሰገናት። «ኑፍ ለለብዴ» አለ። አጠገቤ የተቀመጠው ጎልማሳ ከአዲስ አበባ ለመጡ እንግዶች ዝቅ ባለ ድምፅ ያስተረጉም ነበር። ጆሮዬን ሰጥቼ ጠበቅሁት።

«ሰበከችልን» አላቸው።

ጫፏን አልዋጣትም።